የከተማ ፒክአፕ ተጨማሪ መብራት፦ አመራረጥና አገጣጠም

ተጨማሪ መብራት ማለት መኪና ከፋብሪካ ይዞት ከሚወጣው አጭርና ረጅም መብራት በላይ በባለቤቱ ገንዘብ የሚገጠም፣ ዕዳው ግን ከፊት ለፊት በሚመጣው ሰው ዐይን የሚከፈል መብራት ነው። በአዲስ አበባ ጋራዦች ፓውዛ ወይም ባር ይባላል። የተፈለሰፈው መንገድም የመንገድ መብራትም በሌለበት ሌሊት ለሚነዳ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በሜክሲኮ የባሃ በረሃ በተጀመረው ውድድር አሽከርካሪዎች በአቧራና በቁልቋል መካከል ሲጋልቡ የሚያድሩት በእነዚህ መብራቶች ነው። በሞንቴ ካርሎ ራሊም የቱሪኒን ተራራ በሌሊት የሚወጡ መኪኖች አፍንጫቸው በክብ ክብ መብራት ተሸፍኖ ይታይ ነበር። እዚያ ተራራ ላይ መንገዱ ለውድድሩ ስለሚዘጋ ከፊት የሚመጣ መኪና የለም። የከተማው ፒክአፕ ይህን ቅርስ ከነሙሉ ክብሩ ወርሷል፤ የጎደለው ጨለማው፣ በረሃውና የተዘጋው መንገድ ብቻ ነው።

ለዚህ ማብራሪያ በናሙናነት የሚያገለግለው ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው። ጎማው ለአሸዋና ለጭቃ የተሠራ ሲሆን አየር መሳቢያ ቱቦው ወንዝ ሲሻገር ውኃ እንዳይገባበት እስከ ጣሪያው ተዘርግቷል። ከአስፋልት የሚወርደው በሁለት አጋጣሚዎች ነው፦ ከዋናው መንገድ እስከ ግቢው በር ባለችው ኮብልስቶን ላይ፣ እንዲሁም ቅዳሜ ዱከም ሥጋ ቤት በር ላይ በተደፋው ጠጠር ላይ። ሁለቱም ቦታዎች ከበረሃ የሚለዩት በመብራት ምሰሶ ብዛት ነው።

እውነተኛው በረሃ ውስጥ የሚሠራው ሃይሉክስ ግን ሌላ ዕጣ ደርሶታል። ብዙ የእርዳታ ድርጅቶች ሹፌሮቻቸው ከጨለመ በኋላ ከከተማ ውጭ እንዳይነዱ ይከለክላሉ። አፋር ወይም ሶማሌ ክልል ውሎ አቧራ የለበሰው ፒክአፕ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ግቢ ገብቶ ይታሰራል። ልክ በዚያው ሰዓት የቦሌው ፒክአፕ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ስምንት መብራቱን አብርቶ ከግቢ ይወጣል። ጨለማና መብራት በዚህ ዓይነት ሳይገናኙ ይኖራሉ።

ምርጫው የሚጀምረው ከቁጥር ነው። ሁለት መብራት የሚገጥም ሰው ማየት የሚፈልግ ሰው ስለሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም። አራት የጀማሪ ነው። ከስድስት በላይ ሲሆን ባለቤቱ የቆመለት ዓላማ እንዳለ ይታወቃል፤ ዓላማው ምን እንደሆነ ግን አይጠየቅም። ካርቶኑ ላይ «አይፒ 67» የሚል ጽሑፍ መኖሩም መታየት አለበት። 6ቱ አቧራ እንደማያስገባ፣ 7ቱ ደግሞ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቀመጥ እንደማይበላሽ ያመለክታሉ። በክረምት ጎርፍ ፒክአፑ ከነባለቤቱ ቢሰጥም መብራቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቦታውን ያሳያል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የብርሃን መጠን ነው። ሉመን ከመብራቱ የሚወጣውን ጠቅላላ ብርሃን ይለካል፤ ካንዴላ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ጥንካሬ፣ ሉክስ ደግሞ መሬት ላይ የሚያርፈውን መጠን። ለሚነዳ ሰው የሚጠቅሙት የኋለኞቹ ሁለቱ ናቸው። ሻጩ የሚያውቀው ሉመንን ብቻ ነው፣ ገዢውም እንዲሁ፤ ስለዚህ ሳይከራከሩ ይስማማሉ። ዋቱን ማጣራት ለፈለገ ሰው መንገዱ ቀላል ነው። 180 ዋት ተብሎ የተሸጠ ባር በ12 ቮልት 15 አምፔር መሳብ አለበት፤ አምፔር ሜትር የያዘ ኤሌትሪሺያን በደቂቃ ይለካዋል። ርካሾቹ ባሮች ሲለኩ ብዙውን ጊዜ ካርቶናቸው ላይ ከተጻፈው በታች ይወርዳሉ። ለዚህ ሻጩን መውቀስ አይገባም። ከፊት የሚመጣው ሹፌር እስከ ዛሬ በከፊልም ቢሆን የሚያየው ሻጩ ስለዋሸ ነው።

ጥንካሬን በሚመለከት ግን ተፈጥሮ አንድ አስቸጋሪ ሕግ አውጥታለች። ብርሃን እየራቀ ሲሄድ የሚዳከመው በርቀቱ ስኩዌር ልክ ነው። መቶ ሜትር ላይ አንድ ሉክስ ለማሳረፍ 10,000 ካንዴላ ይበቃል፤ አንድ ሉክስ ከሙሉ ጨረቃ ብርሃን ይበልጣል። ሁለት መቶ ሜትር ላይ ያንኑ ለማግኘት 40,000፣ አራት መቶ ላይ 160,000፣ ስምንት መቶ ላይ 640,000 ካንዴላ ያስፈልጋል። ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር መብራቱ አራት እጥፍ ያድጋል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ የአንድ መኪና ረጅም መብራቶች በአንድነት ከ430,000 ካንዴላ እንዳያልፉ ወስኗል። አርቃቂዎቹ ይህን ሲያደርጉ የቦሌን ፍላጎት እንዳላጠኑ ግልጽ ነው።

የዚህች ስሌት ጥቅም የሚታየው ሁለት ባለ ባር ፒክአፖች ሲገናኙ ነው። አንደኛው 180 ዋት ገጥሟል እንበል። ከፊት የመጣው ሁለተኛው ዐይኑ ይጠፋና በማግሥቱ ሄዶ እሱም ያንኑ ይገጥማል። አሁን እኩል ናቸው፤ እኩልነት ደግሞ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው የሚታገሰው ነገር አይደለም። ስለዚህ አንደኛው ባላጋራውን ገና በእጥፍ ርቀት ላይ ሳለ ለማሳወር ይወስናል፤ በሕጉ መሠረት 720 ዋት ያስፈልገዋል። ሁለተኛው በበኩሉ ርቀቱን ደግሞ በእጥፍ ያሳድግና 2,880 ዋት ይገጥማል። አንደኛው ሲመልስ 11,520 ዋት ይሆናል። ወደ አምፔር ሲለወጥ 15፣ 60፣ 240 እና 960 ነው። የሃይሉክስ ዲናሞ እንደ ሞዴሉ የሚያመነጨው መቶ አምፔር ገደማ ሲሆን ከዚያም ላይ ሞተሩ፣ የፋብሪካ መብራቱ፣ ማራገቢያውና ቴፑ ድርሻቸውን ያነሳሉ። ዲናሞው ሁለተኛውን ዙር በጭንቅ ይወጣዋል፤ በሦስተኛው ላይ እጁን ይሰጣል።

መፍትሔው ጀነሬተር ነው። የሠርግ ድንኳን ከነድምፅ ማጉያው የሚያበራው ዓይነት፣ ከጋቢናው ኋላ ባለው የጭነት ቦታ ላይ ይታሰራል። ጀነሬተር ናፍጣ ስለሚፈልግ አንድ በርሜል ከጎኑ ይቆማል። እየነዱ ማስነሳትና ማጥፋት ስለማይቻል ከበርሜሉ አጠገብ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ ሰውየው ሙያተኛ ነኝ ስለሚል ረዳት ይቀጠርለታል። ሁለቱ ሰዎች ጭስና ንፋስ ስለሚበዛባቸው ሸራ ይወጠርላቸዋል። ሸራው ጣሪያው ላይ ያለውን ባር ስለሚጋርደው ባሩ ከሸራው በላይ በብረት ቋሚ ይሰቀላል። ቋሚው ከመንገድ ዳር የስልክ ሽቦ ጋር ስለሚጋጭ ረዳቱ ረጅም እንጨት ይዞ ሽቦ እያነሳ እንዲያሳልፍ ሌላ ተግባር ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ የጭነት ቦታው ሞልቷል። ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ የውኃ ጀሪካኑና ምድጃው፣ ማለትም ፒክአፑ «ለሜዳ» የተገዛበት ምክንያት ሁሉ፣ በሌላ መኪና መሄድ አለበት። ሌላ ፒክአፕ ይገዛል። ያለ መብራት ፒክአፕ ማስከተል ነውር ስለሆነ እሱም ይገጠምለታል። ከኋላ ሆኖ ሲያበራ የፊተኛው ሹፌር በስፖኪዮው ምንም ማየት አይችልም። ስለዚህ የፊተኛው ኋላውን በሚያይ ባር አጸፋውን ይመልሳል፤ አራት እጥፍ አድርጎ። ሁለቱ የአንድ ቤት መኪኖች በዚህ ዓይነት እየተዋጉ ቃሊቲ ሳይደርሱ ናፍጣ ያልቅባቸዋል። በመጨረሻም ሁሉም ነገር ተገጥሞ፣ ተፈትሾ፣ ተመዝኖ ሲያበቃ፣ ባሌስትራው ተኝቶ ፒክአፑ ከግቢ መውጣት ያቅተዋል። ባለበት ቆሞ ግቢውን ያበራል። ለዚህ በሩ ላይ ያለችው አምፖል ትበቃ ነበር።

የቀለም ነገር አጭር ነው። አሮጌው ሃሎጅን 3,200 ኬልቪን አካባቢ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል። ገበያ የሚወደው ኤልኢዲ 6,000 ኬልቪንና ከዚያ በላይ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ነጭ ነው። ሰማያዊው የሚመረጠው ውድ ስለሚመስል ነው። ፈረንሳዮች ከእ.ኤ.አ. 1936 ዓዋጃቸው ጀምሮ እስከ 1993 መጀመሪያ ድረስ መኪኖቻቸው የፊት መብራታቸውን ቢጫ እንዲያደርጉ ሲያስገድዱ ኖረዋል፤ ምክንያታቸው የሚመጣውን ሰው ዐይን ላለማስጨነቅ ነበር። ለሰው ዐይን ማሰብ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያስከትል ማወቅ ጥሩ ነው።

ቢጫ መብራት ጉም ይሰነጥቃል የሚባለውም መታረም አለበት። የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ቢጫውንም ነጩንም ያለ አድልዎ ይመልሰዋል። ወሳኙ መብራቱ የተገጠመበት ከፍታና የሚበራበት አቅጣጫ ነው። ይህን ለመረዳት ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በክረምት መውጣት ይበቃል። ከዋሻው በፊት ባሉት መጠምዘዣዎች ላይ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሳ አስፋልቱን ይውጠዋል። ጣሪያው ላይ ባር የሰቀለ ሹፌር በዚህ ጊዜ ኩራቱን ይጫናል፤ ወዲያውም ከኮፈኑ አፍንጫ ጀምሮ ነጭ ግድግዳ ይቆምበታል። መብራቱ ከዐይኑ በላይ ስለሆነ ጉሙን አብርቶ ጉሙን ያሳየዋል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ የመንገዱን ጠርዝ መስመር እየፈለገ በሰው እርምጃ ይሄዳል። ከኋላው ያረጀ አይሱዙ፣ ፓራውልቱ ሥር ሁለት ዝቅ ያሉ መብራቶች ብቻ ይዞ፣ መስመሩን እያየ ቀስ ብሎ ያልፈዋል። የአይሱዙው ሹፌር ማየት እንጂ መታየት ስላልለመደ ነው።

የመግጠሚያ ቦታን በተመለከተ የጋቢናው ጣሪያ ከሁሉ ይመረጣል። ከፍ ያለ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል፤ መኪናው ቆሞ መብራቱ ጠፍቶ ሳለም ይታያል፣ ዋናውም እሱ ነው። ጉዳቱ ብርሃኑ ኮፈኑ ላይ አርፎ ወደ ነጂው ዐይን መመለሱ ነው፤ የሚያሳውር ሰው ትንሽ ቢታወር ግን ፍትሕ ነው። ጣሪያው በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ በቡሎን ይታሰራል፣ ዙሪያው በሲሊኮን ይደፈናል። ሲሊኮኑ እስከ ሐምሌ ይቆያል። ሐምሌ ላይ ውኃው በጣሪያው ጨርቅ ሥር ተጉዞ ከፊት ወንበር በላይ ቢጫ ክብ ይሠራል፤ ከዚያም እንግዳ በተሳፈረ ቁጥር ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል። ፓራውልት ላይ የሚገጠሙት ከራዲያተሩ ፊት ከተደረደሩ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን አየር ይዘጋሉ። የኋላ ፓውዛ በፍሬን መብራት ፋንታ ያገለግላል፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው ለምን እንደበራ ስለማያውቅ ይቆማል።

ማስተካከል የሚባል ሥራም አለ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ ፊት ይቆማል፣ የመብራቱ ቁመት በግድግዳው ላይ ምልክት ይደረግበታል፣ ጨረሩም ከዚያ ቁመት ትንሽ ዝቅ እንዲል ይታሰራል። ጭነት ሲጫን ኋላው ስለሚወርድና አፍንጫው ስለሚነሳ ይህም በስሌት ይገባል። በልማድ ግን መብራቱ የሚስተካከለው በአንድ ዘዴ ነው፦ ኤሌትሪሺያኑ ከፊት ይቆማል፣ ባለቤቱ ያበራል፣ ኤሌትሪሺያኑ ፊቱን በክንዱ ከሸፈነ ልክ ነው።

አንድ ቁጥር ይጨመር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ባር በፊቱ ሲፈነዳ ዐይኑ ለሦስት ሴኮንድ ቢጠፋ 50 ሜትር ያህል ሳያይ ነዳ ማለት ነው። ዐይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ እንደገና እስኪለምድ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ቀለበት መንገድ ላይ፣ የመንገድ መብራቱ በጠፋበት፣ በዚያ 50 ሜትር ውስጥ ከሥራ የወጣች ሴት ልጇን አዝላ ትሻገራለች። ባጃጅ ያለ ኋላ መብራት ይሄዳል። ጥቁር ካፖርት የለበሰ ዘበኛ ዳር ይዞ ወደ ተራው ይሄዳል። ይህ ጌጥ አይደለም፤ ብልግና ነው። ሰው የሚገድል ብልግና። መብራቱን ዝቅ አድርግ ሲባል በክላክስ የሚመልሰውም ያውቀዋል።

ወደ ሥርዓቱ እንመለስ። የሽቦ ሥራ እንደሚከተለው ነው። ከባትሪው የሚነሳው ገመድ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይገባል፤ ለ15 አምፔር 20 አምፔር ፊውዝና 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ገመድ ይበቃል። ከዚያ በሪሌ ያልፋል። ሪሌ አራት እግር አለው፦ 30 ከባትሪ፣ 87 ወደ መብራት፣ 85 እና 86 ደግሞ ከማብሪያው የሚመጣውን ትንሽ ኃይል ይቀበላሉ። በዚህ ምክንያት ከባዱ ኃይል በዳሽቦርዱ ማብሪያ ውስጥ አያልፍም። የከተማው ስልት ከዚህ ይቀላል። ገመዱ እንደተገኘ ነው፤ ቀጭን ከሆነ ሁለት ይጠመዘዛል፣ ከዚያም በናስትሮ ይታሸጋል፣ በበር ስንጥቅ ተጨፍልቆ ወደ ውስጥ ይገባል። ፊውዝ ሲቃጠል በመዳብ ሽቦ ይተካል፤ መዳብ አይቃጠልም፣ የሚቃጠለው መኪናው ነው። ሪሌ የሚገጥም ኤሌትሪሺያን ገንዘብ ሊያስከፍል ፈልጎ ነው ተብሎ ይጠረጠራል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዕቃዎች ክዳንና ማብሪያ ናቸው። የካሊፎርኒያ ሕግ ከመንገድ ውጭ ለሚነዳ መኪና እስከ ስምንት ተጨማሪ መብራት ይፈቅዳል፤ በሕዝብ መንገድ ላይ ሲሆን ግን ሁሉም ጠፍተው ብርሃን በማያሳልፍ ክዳን እንዲሸፈኑ ያዛል። የአሜሪካው ኬሲ ኩባንያ ፈገግታ የተሳለበትን ቢጫ ክዳን ዝነኛ ያደረገውም በዚሁ ልማድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክዳኑ ከካርቶኑ ጋር ይጣላል።

ማብሪያው በሁለት መንገድ ሊታሰር ይችላል። የመጀመሪያው የሪሌውን 86 ቁጥር እግር ከመኪናው ረጅም መብራት ሽቦ ጋር ማገናኘት ነው። ያን ጊዜ ነጂው ለሚመጣው ሰው መብራቱን ዝቅ ሲያደርግ ፓውዛውም አብሮ ይጠፋል፤ የሚያስፈልገው አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦ ነው። ሁለተኛው ከረጅም መብራቱ ጋር ሳይገናኝ፣ በራሱ ቁልፍ ብቻ እንዲበራና እንዲጠፋ ማድረግ ነው። ጥንቁቅ ኤሌትሪሺያን ኮፈኑ ሥር እንዳጎነበሰ፣ ሽቦውን በጥርሱ እየላጠ፣ ባለቤቱን ይጠይቃል፦ «ጋሼ፣ ከረጅሙ ጋር ልሰረው ወይስ ለብቻው?»

«ለብቻው» ይባላል።